ማስረጃውን የበሉት ፖሊሶች

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። አስከሬኑ በቃሬዛ ወጥቷል፤ ሐኪሙ፣ ፎቶ አንሺውና የአሻራ ባለሙያው ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። የቀሩት ፖሊሶች ቤቱንና ጓሮውን ሲፈትሹ አምሽተው ደክሟቸዋል፤ ርቧቸዋልም። አሁን ወጥ ቤት ገብተው የበግ ታፋ ጥብስ ከበው ተቀምጠዋል። አፋቸው ሙሉ እንደሆነ ስለ ጠፋው መሣሪያ ያወራሉ። የሟቹን ራስ ቅል እንዲያ ያደቀቀው ነገር ቀላል ሊሆን አይችልም፤ ሩቅም አልሄደም፤ እዚሁ አካባቢ መኖር አለበት ይባባላሉ። በሚቀጥለው ክፍል ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ታዳምጣለች። ከዚያ ሳቋ ያመልጣታል።

ሮአልድ ዳል «ላምብ ቱ ዘ ስሎተር» የተባለውን አጭር ልብ ወለዱን የቋጨው እዚህ ላይ ነው። መጨረሻውን ገና ከመነሻው ዘረገፈው ብሎ የሚቀየመኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህ ታሪክ ግን በዚህ አይበላሽም። አብዛኛው የወንጀል ልብ ወለድ ገዳዩን ደብቆ አንባቢውን እስከ መጨረሻው ገጽ ያንከራትታል። ዳል ግን ገዳይዋን፣ መሣሪያውንና ሟቹን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ፊት ለፊት ያስቀምጥልናል። ከዚያ በኋላ የሚያስጨንቀን ማን ገደለ የሚለው ሳይሆን ትያዝ ይሆን የሚለው ነው። የባሰው ደግሞ፣ እንድትያዝ አለመፈለጋችን ነው።

ሜሪ ማሎኒ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን የባሏን መኪና ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን ታቆማለች። ባሏ ፓትሪክ መርማሪ ፖሊስ ነው። መብራቱ በርቷል፤ ብርጭቆው፣ ውስኪው፣ ሶዳው፣ በረዶው ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ሲመጣ ኮቱን ተቀብላ ትሰቅላለች፤ መጠጡን ትቀዳለታለች፤ ከዚያ ስፌቷን ይዛ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ መጀመሪያ አረፍ ማለት እንደሚወድ ታውቃለችና። የዛሬው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ በአንድ ጊዜ ጨልጦ ሁለተኛውን ተነሥቶ ራሱ ይቀዳል፤ ውስኪውንም ያበረክተዋል። ዕለቱ ሐሙስ ስለሆነ እንደ ልማዳቸው እራት ውጭ ሊበሉ ነበር። ከደከመህ እዚሁ ልሥራልህ ትለዋለች። አይሆንም፣ መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ ይላታል። ከዚያም የሚላትን ይላታል።

ምን እንዳላት ግን አንሰማም። ዳል የታሪኩን ትልቁን ንግግር ሆን ብሎ ዘሎታል። አራት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው ይለናል፤ ሴትየዋ ፈዛ እንዳዳመጠችው ይነግረናል፤ ቃላቱን ግን አይሰጠንም። የሚደርሰን ጭራው ብቻ ነው። ገንዘብ እንደሚሰጣት፣ እንድትቸገር እንደማይተዋት፣ ነገሩ ባይጮህ ደስ እንደሚለው፣ መጮሁ ለሥራው ጥሩ እንዳልሆነ ይነግራታል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በሉ። የስድስት ወር እርጉዝ ሚስቱን ጥሎ ሊሄድ የተነሣ ሰው የሚያሳስበው የሥራው ስም ነው። ዳል ስለ ፓትሪክ ባሕርይ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አላስፈለገውምም። የተዘለለውን ንግግር እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ይሞላዋል፤ ሲሞላውም ከሚያውቀው ሰው፣ ከሰማው ፍቺ፣ ከራሱ ቁስል እየቀዳ ነው። ስለዚህ ፓትሪክ ሲወድቅ እጃችን ንጹሕ አይደለም።

ሜሪ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እራት ልሥራ ብላ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። የሰማችውን ገና አላመነችም፤ እጅና እግሯ የለመደውን እየሠራ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ እጇ ላይ የመጣላትን ታወጣለች፤ በወረቀት የተጠቀለለ የበግ ታፋ ነው፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ። የአጥንቱን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ትመለሳለች። ፓትሪክ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ለእኔ ብለሽ አትሥሪ፣ እወጣለሁ ይላል። ታፋውን ወደ ላይ አንሥታ ጭንቅላቱን ከኋላ ትለዋለች። የሚገርመው፣ ሰውዬው ቶሎ አይወድቅም፤ አራት ወይም አምስት ሰከንድ ያህል እየተወዛወዘ ይቆማል። የዳል ጨለማ ቀልድ ያለው እነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ደም አያሳየንም፤ ጩኸት አያሰማንም፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሰከንድ ይቆጥርልናል።

ከግድያው በኋላ ያለው ክፍል ግን ከግድያው ይበልጣል። ሜሪ የመርማሪ ሚስት ናትና ቅጣቱ ምን እንደሆነ አይጠፋትም፤ ለራሷም ብዙ አትጨነቅ። ያስጨነቃት ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ነው፤ እናትየውን ከነልጇ ይገድሉ እንደሆነ፣ ወልዳ እስክትገላገል ይጠብቋት እንደሆነ አታውቅም። (በዳል አገር በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሴት ሞት እንዳይፈረድባት በሕግ ተደንግጎ ነበር። ዳል ግን ሜሪ የምትኖርበትን አገር በስም አይጠራም፤ በኋላ የምትሄድበት ባለሱቅ ስለ አይዳሆ ድንች ሲጠይቃት ነው አሜሪካ ሳይሆን አይቀርም የምንለው።) ሥጋውን መጥበሻ ላይ አድርጋ ኦቨን ውስጥ ትከተውና እሳቱን ከፍ ታደርገዋለች። እጇን ታጥባ ወደ መኝታ ቤት ትወጣለች። መስታወት ፊት ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች፤ ከንፈሯን ትቀባለች፤ ከዚያም ለባለሱቁ የምትለውን ትለማመዳለች፤ ሰላምታውን፣ ድንቹን፣ የታሸገ አተሩን። መጀመሪያ ሲወጣ ድምፁ የራሷ አይመስልም። ትደግመዋለች፤ ሲደጋገም ይስተካከላል።

ይህን መስታወት ፊት ያለ ልምምድ ስንቱ አንባቢ እንደሚያልፈው እንጃ። ለእኔ የታሪኩ እምብርት እሱ ነው። ሜሪ እዚያ ወንበር ላይ የምትሠራው የደራሲ ሥራ ነው፤ ረቂቅ ትጽፋለች፣ ድምፅ ትፈልጋለች፣ የማይጥመውን ትሰርዛለች። የምትጠቀምበት ዘዴም የጥሩ ልብ ወለድ ጸሐፊ ዘዴ ነው። በተቻለ መጠን አትዋሽም። እውነተኛ ሱቅ ሄዳ እውነተኛ ድንች ትገዛለች። ለሳም፣ ለባለሱቁ፣ ባሏ ደክሞት ውጭ መብላት እንዳልፈለገ ትነግረዋለች። ሥጋስ ሲላት ከፍሪዘር ያወጣችው የበግ ታፋ እንዳላት ትናገራለች። ይባስ ብላም በረዶው ሳይለቀው መጥበስ እንደማትወድ፣ ዛሬ ግን ልትሞክረው እንደሆነ አውርታ ምክር ትጠይቀዋለች። ሳም ለውጥ ያመጣል ብሎ እንደማያምን ይነግራታል። ግድያው ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላው መሣሪያው ምን እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደደረቀ፣ አሁን የት እንዳለ ለዋናው ምስክር ነግራ ወጣች ማለት ነው። ለማጣፈጫም ቺዝ ኬክ ገዛች።

ወደ ቤት ስትመለስ ለራሷ የምትሰጠው ምክር ሁሉን ነገር እንደ ወትሮው አድርጊ የሚል ነው፤ እንደ ወትሮው ካደረገች ማስመሰል አያስፈልጋትምና። በሩን ከፍታ ፓትሪክን ወለል ላይ ስታየው የምታለቅሰው ለቅሶ የምር ነው። ትወደው ነበር።

ፖሊሶቹ የፓትሪክ ባልደረቦች ናቸው፤ ሜሪ አብዛኞቹን በስም ታውቃቸዋለች። ሳጅን ጃክ ኑናን ጨዋ ሰው ነው፤ ሌላ ቦታ ሄዳ እንድታርፍ፣ ከፈለገችም ሚስቱ ዘንድ እንድታድር ይጋብዛታል። አንዱ መርማሪ ሱቁ ድረስ ሄዶ አጣርቶ ይመለሳል። ሲያንሾካሹኩ የምትሰማው ቁርጥራጭ ነው፤ ደስተኛ እንደነበረች፣ ጥሩ እራት ልትሠራለት እንዳሰበች፣ አተር፣ ቺዝ ኬክ፣ እሷ ልትሆን እንደማትችል። በቃ፣ ከተጠርጣሪነት ነፃ ያወጣት ይኸው ነው። ለባሏ ጣፋጭ የገዛች ሴት ባሏን ልትገድል አትችልም ብለው ደመደሙ። ከዚያ በኋላ የሚፈልጉት ወንድ ነው፤ ጉልበተኛ፣ ከባድ ብረት የያዘ። መሣሪያውን ካገኘን ሰውየውንም አገኘን የሚለው የሙያቸው ብሂል ትክክል ነበር፤ የጎደላቸው ወጥ ቤት የገባን ዕቃ በመሣሪያነት የመቁጠር ሐሳብ ነው። አንባቢው የሚስቀው በሥጋው ይመስለዋል እንጂ የሚስቀው በዚህ ነው። ሜሪ ከለላ ያገኘችው ዘወትር ጥሩ ሚስት ሆና በመኖሯ ነው።

ዳል የሰዓቱን ነገር እንኳ አልዘነጋም። ሥጋው ኦቨን የገባው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ ኑናን ኦቨኑ እንደበራና ሥጋው ውስጡ እንዳለ የሚነግራት ወደ ሦስት ሰዓት ግድም። የደረቀ ታፋ በረዶው ከለቀቀው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ጊዜ ይፈልጋልና፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቢቆይ ለትልቅ የበግ ታፋ ልክ ነው። መርማሪዎቹ መሣሪያውን ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ ሲንከራተቱ፣ መሣሪያው እንዳይታወቅ የሚያደርገው እሳት ሳይጠፋ በቂ ጊዜ አገኘ።

ሜሪ ውስኪ ትቀዳላቸዋለች። ቀጥላ እራቱን እንዲበሉ ትለምናቸዋለች፤ መጀመሪያ አይሆንም ይላሉ። የእኛ ሰው «በሞቴ» ብሎ እምቢ ያለውን እንግዳ እንደሚያጎርሰው ሁሉ እሷም የምትማጸናቸው በሟቹ ስም ነው፤ ሳላስተናግዳችሁ ብሰድዳችሁ ፓትሪክ ይቅር አይለኝም ትላለች። ከዚያ በኋላ ማን እምቢ ይላል? በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ጎረቤትና ዕድርተኛ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛ እንድትቀምስ ትለመናለች። እዚህ ቤት ሐዘንተኛዋ አብሳይ፣ አፅናኞቹ በሊታ ሆኑ።

እንዲህ ያለ ነገር የጻፈው ሰው ማን ነው? ዳል እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1916 በዌልስ፣ ካርዲፍ አጠገብ ላንዳፍ ውስጥ ከኖርዌይ ወላጆች ተወለደ። ስሙ የወጣለት በኖርዌያዊው አሳሽ በሮአልድ አሙንድሰን ነው። አራት ዓመት ሳይሞላው ታላቅ እኅቱና አባቱ በሳምንታት ልዩነት ሞቱ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሼል ኩባንያ ተቀጥሮ ወደ ዳሬሰላም ተላከ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ናይሮቢ ሄዶ በብሪታኒያ አየር ኃይል ውስጥ ገባ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1940 ግላዲየተር በተባለች ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ አውሮፕላን በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ላይ ይበር ነበር። የሚሄደው አዲስ የተመደበበት 80ኛው የጦር ጓድ ወዳለበት ጊዜያዊ ማረፊያ ነው። የተነገረው አቅጣጫ ስሕተት ነበር። ማረፊያውን አጣው፤ ነዳጁ እያለቀ፣ ቀኑ እየመሸ ሄደ። በረሃው ላይ ለማረፍ ሲሞክር አውሮፕላኗ ተከሰከሰች። የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፣ አፍንጫው ተደፈጠጠ፣ ዓይኑ ታወረ፤ እየተሳበ ከእሳቱ ወጣ። ማየት የጀመረው አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ከሳምንታት በኋላ ነው። ድኖም በግሪክ ሰማይ ላይ ተዋጋ።

በ1942 ዋሽንግተን በሚገኘው የብሪታኒያ ኤምባሲ የአየር ኃይል ረዳት አታሼ ሆኖ ሳለ፣ የታወቀው ልብ ወለድ ጸሐፊ ሲ.ኤስ. ፎረስተር ምሳ ጋብዞት ስለ አደጋው ሊጠይቀው ፈለገ። እየበሉ ማስታወሻ መያዝ አልመች ስላለ፣ ዳል ነገሩን ራሱ ጽፎ ሊልክለት ተስማማ። የላከው ጽሑፍ ያለ ስሙ «ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት» ላይ ወጣ። ርእሱ በሊቢያ ላይ ተመትቶ ስለወደቀ አብራሪ የሚናገር ነበር። ዳል ግን የወደቀው ግብፅ ውስጥ ነው፤ የመታውም አልነበረም። የዚህ ሰው የድርሰት ሕይወት የጀመረው በምሳ ገበታ ላይ፣ በእውነት ላይ በቆመ ውሸት ነው። እውነተኛ በረሃ፣ እውነተኛ እሳት፣ እውነተኛ የተሰነጠቀ ራስ ቅል አለ፤ የተለወጠችው አንዲት ነገር ብቻ ናት። ሜሪ መስታወት ፊት የምትሠራውን ዳል ከአሥር ዓመት በፊት ሠርቶት ነበር።

አንዳንዱ ተንታኝ የዳልን ጭካኔ ከቤተሰቡ መከራ ጋር ያያይዘዋል። ወንድ ልጁ በ1960 ኒውዮርክ ውስጥ በታክሲ ተገጭቶ ጭንቅላቱ ተጎዳ፤ ሴት ልጁ ኦሊቪያ በ1962 በኩፍኝ ሳቢያ በሰባት ዓመቷ ሞተች፤ ሚስቱ፣ ተዋናይቷ ፓትሪሺያ ኒል፣ በ1965 በስትሮክ ወደቀች። መከራው እውነት ነው፤ ቀኑ ግን አይገጥምም። ታሪኩ «ሃርፐርስ» መጽሔት ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 ነው። እንዲያውም ዳል ፓትሪሺያ ኒልን ካገባ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ሙሽራው ሚስት ባሏን በሥጋ የምትገድልበትን ታሪክ አሳተመ። በ1983 ደግሞ ከሌላ ሴት ጋር በጀመረው ግንኙነት የተነሣ ትዳሩ ፈርሶ ያችኑ ሴት አገባ። ይህን ዳል ራሱ ቢጽፈው በዛ እንለው ነበር።

መጀመሪያ ታሪኩን «ኒው ዮርከር» መጽሔት መልሶበታል። ሐሳቡን የሰጠው የጄምስ ቦንድ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ ነው ይባላል፤ ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ፤ ዳልም በኋላ ከፍሌሚንግ የቦንድ መጻሕፍት በአንዱ ላይ ለተመሠረተው የ1967 ፊልም ጽሑፉን ሠርቷል። ይሁን፣ ሐሳቡ የፍሌሚንግ ይሁን። በደረቀ ሥጋ መግደልና ሥጋውን ለፖሊስ ማብላት የአንድ ዓረፍተ ነገር ቀልድ ነው። መስታወቱ፣ ሳም፣ አተሩና የተዘለለው ንግግር ግን የዳል ናቸው። ታሪኩን የያዘው መድበል «ሰምዋን ላይክ ዩ» በ1954 በአሜሪካ የወንጀል ጸሐፊዎች ማኅበር የሚሰጠውን የኤድጋር ሽልማት አገኘ።

አልፍሬድ ሂችኮክ በስሙ የሚቀርበውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም አብዛኛውን ክፍል ለሌሎች ይሰጥ ነበር። ይህን ግን ራሱ አዘጋጀው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ተላለፈ። ባርባራ ቤል ጌዲስ ሜሪን ሆና ስትሠራ የመጨረሻዋ ሳቅ እስካሁን ያስደነግጣል። ሁለት ነገር ግን ጎደለ። ፓትሪክ አፉን ሞልቶ ፍቺ እንደሚፈልግ፣ ሌላ ሴት እንዳለችው ይናገራል፤ ዳል የተወልን ባዶ ቦታ ተሞላ፤ በመሞላቱም አነሰ። ሁለተኛው፣ ሂችኮክ ፊልሙ ሲያልቅ ወጥቶ ሜሪ ሁለተኛ ባሏን በዚያው ዘዴ ልትገድል ስትል ፍሪዘሩ ሳይሰካ ቀርቶ ሥጋው ለስልሶ እንደተያዘች ያወራል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዲያመልጥ አይፈቅድም ነበርና ለሕጉ ያህል የተባለ ነው፤ ማንም ያመነው አይመስለኝም። ስፔናዊው ፔድሮ አልሞዶቫር በ1984 በሠራው ፊልም ደግሞ አንዲት የማድሪድ እመቤት ባሏን በአሳማ እግር መትታ አጥንቱን ሾርባ ታደርገዋለች።

የዳል ታሪክ ርእስ ትርጉሙ «በግ ወደ መታረድ» ሲሆን ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 የመጣ ነው። የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ሆኖ በጋዛ መንገድ ሲያነበው ፊልጶስ ያገኘው ያንኑ ስፍራ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ባለሥልጣን ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ጠየቀ። የዳልም አንባቢ ይህንኑ መጠየቅ አለበት። ወደ መታረድ የሄደው በግ ማን ነው? ሳታውቅ ባሏን የጠበቀችው ሜሪ ናት? ጀርባውን የሰጠው ፓትሪክ? ወይስ ሳህናቸው ላይ አጎንብሰው የበሉት ፖሊሶች? ሦስቱም መልስ ከጽሑፉ ማስረጃ ያገኛል፤ አንድ መምህር ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አያገኝም።

ዳል በሰፊው የታወቀው በልጆች መጻሕፍቱ ነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ሰውየው ግን ቅዱስ አልነበረም። በ1983 ለአንድ የብሪታኒያ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ስለ አይሁዶች የተናገረው አሳፋሪ ነበር፤ ቤተሰቡ በ2020 ይቅርታ ጠይቋል። ይህን ማወቅ ታሪኩን ለማድነቅ አያግድም፤ ደራሲውን ለማምለክ ግን ያግዳል። ዳል እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1990 በኦክስፎርድ ሞተ።

ታሪኩ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ነው። ያላነበባችሁት ከፊልሙ በፊት ጽሑፉን አንብቡ፤ የፓትሪክ ዝምታ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነውና። ያነበባችሁት ደግሞ እንደገና ስትመለሱበት፣ ሱቁ ውስጥ ያለውን ወሬ በችኮላ አትለፉት፤ የሜሪ ሙሉ የእምነት ቃል ያለው እዚያ ነው፤ ሳምም ሰምቶታል።